ዝናብ ሲዘንብ ውስጡ የሚረጥብ መኪና፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ዝናብ የሚያስገቡ መኪኖች በርከት ብለዋል፤ ሁሉም ዕድሜ ጠገብ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አጣምሬ አምስቱን እነሆ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ። የፍለጋው ዘዴ እዚያ ስላለ፣ የእናንተ መኪና የሚያፈሰው በሌላ በኩል ቢሆንም ሳታነቡት አትለፉ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ 20 ዓመት አልፎታል። ከባድ ዝናብ ሲዘንብ ከሾፌሩ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ወለል ውሃ ይቋጥራል። ጋራዥ ወስጄው የፊት መስታወቱን ዙሪያ በሲሊኮን ለቀለቁልኝ። ለትንሽ ጊዜ ደህና ሆነ፣ ከዚያ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ እንደገና ረጠበ። ሌላ ጋራዥ ወሰድኩት፣ እነሱም በላዩ ላይ ሲሊኮን ጨመሩበት። አሁን መስታወቱን ጨርሶ ቀይረው እያሉኝ ነው። ልቀይረው?

መልስ፦ ይቆዩ፣ ገና ነው። እስካሁን ውሃው ሲገባ ያየ ሰው የለም። ሁለቱም ጋራዦች የተኛውን ውሃ አይተው የገባበትን ገመቱ። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሲሊኮን መቀባት አፍታ አይፈጅም፣ መፈለግ ግን ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል፣ ስለዚህ ደንበኛው ተለቅልቆለት ይሸኛል። ውሃ ደግሞ በገባበት አይቀመጥም። በላሜራው መጋጠሚያ ተንሸራቶ፣ የሽቦ ጥቅል ተከትሎ፣ በምንጣፉ ሥር ለሥር ሄዶ ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚቋጠረው። ከጣሪያ የገባው እግር ሥር ሊገኝ ይችላል። መኪናው ቁልቁለት ላይ ሲያድር ፊት ለፊት ይረጥባል፣ ሽቅብ ሲቆም ደግሞ የኋላው ወንበር ሥር፤ ቀዳዳው ግን ያው አንዱ ነው።

መጀመሪያ የዝናብ ውሃ መሆኑን ያረጋግጡ። ነጭ ሶፍት ወስደው እርጥቡ ላይ ጫን ያድርጉት። አረንጓዴ ወይም ቀላ ያለ ቀለም ካወጣ፣ በጣትዎ ሲያሹት የሚያሟልጭ ከሆነ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታም ካለው፣ ያ ዝናብ አይደለም። የራዲያተር ውሃ ከማሞቂያው እያፈሰሰ ነው። መርዛማ ስለሆነ ለመለየት ብለው እንዳይቀምሱት። እንዲህ ሲሆን የፊት መስታወቱም ከውስጥ በኩል ቅባት ያለው ጉም ይይዛል። ጥርት ያለ ውሃ ሆኖ በፀሐይ ቀንም ኤሲ ከከፈቱ በኋላ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የኤሲው ማፍሰሻ ቱቦ ተደፍኗል ማለት ነው። ቱቦው ደህና ሲሆን ያ ውሃ ከመኪናው ሥር መሬት ላይ ነው የሚንጠባጠበው።

ሁለቱም ካልሆነ ኮፈኑን ይክፈቱና የዋይፐሮቹ እግር የተተከለበትን ጥቁር ፕላስቲክ ይመልከቱ። እኔ ከመስታወቱ በፊት የምጠረጥረው እዚህ ነው። ከፕላስቲኩ ሥር ሰፋ ያለ ክፍት ቦታ አለ። ከፊት መስታወቱ የሚወርደው ዝናብ እዚያ ይገባና በግራና በቀኝ ባሉ ማውጫዎች ወርዶ ከፊት ጎማዎቹ ጀርባ መሬት ይደርሳል። ለማሞቂያውና ለኤሲው የሚሆነው አየርም የሚሳበው ከዚሁ ቦታ ነው። መኪናው ዛፍ ሥር ሲያድር ከርሞ ማውጫው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃው መሄጃ ያጣል፣ ይሞላል፣ ከዚያ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገለበጣል። በብዙ መኪኖች አየር የሚነፋው ፋን ያለው በተሳፋሪው በኩል ስለሆነ ውሃው የሚወርደው የእርስዎ መኪና በሚረጥብበት ቦታ ነው። ከሲሊኮኑ በኋላ ለትንሽ ጊዜ ደህና የሆነውም፣ ግምቴን ልንገርዎትና፣ ዝናቡ ቀላል ስለነበር ነው። በግማሽ የተደፈነ ማውጫ ካፊያን ይችላል፤ ዶፍን አይችልም።

ቅጠሉን በእጅ ይልቀሙት። በውሃ ለቀው ወደ ታች አይግፉት፣ ይብስ ይደፍነዋል። ካጸዱ በኋላ 1 ሊትር ያህል ውሃ በቀስታ ያፍሱና በሁለቱም ጎን መሬት ላይ መውረዱን ጎንበስ ብለው ይዩ። መኪናው ወደ ውስጥ የሚነፋውን አየር የሚያጣራ ማጣሪያ ካለው (የሞተሩን ማጣሪያ ማለቴ አይደለም)፣ ብዙ ጊዜ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው የሚገኘው፣ ያውጡትና ይመልከቱ። የረጠበ ወይም የውሃ ቀለበት የሠራ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ይሄም ካልሆነ በውሃ ቱቦ እንፈልግ። ምንጣፉን ያንሱ፣ ወለሉን ያድርቁ፣ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ውጭ ያለው ሰው ውሃውን ያለ ግፊት ከታች ጀምሮ ይልቀቅ፤ መጀመሪያ የበሩ የታችኛው ጠርዝ፣ ቀጥሎ ዋይፐሩ አካባቢ፣ ከዚያ የመስታወቱ የታች ጠርዝ፣ ጎኖቹ፣ በመጨረሻ ጣሪያው። እያንዳንዱ ቦታ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ይቆይ፣ መቸኮል የለም። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ነገር እያጠበ ስለሚወርድ በየት እንደገባ መለየት አይቻልም። የመኪና ማጠቢያ ማሽን አይጠቀሙ፤ ግፊቱ ደህናውን ጎሚኒ ሁሉ አልፎ ይገባና ያሳስትዎታል። የተጠረጠረው ላሜራ ላይ ከውስጥ በኩል የሕፃናት ፓውደር በስሱ ይነስንሱ። ውሃ ሲያልፍበት መስመር ያወጣል፣ መስመሩን ወደ ላይ ተከትለው መነሻውን ያገኙታል።

የሚያግዝ ሰው ከሌለ ሌላ መንገድ አለ። በሮቹንና መስታወቶቹን ይዝጉ፣ የአየር ማስገቢያውን ከውጭ እንዲስብ ያድርጉ፣ ፋኑን መጨረሻው ላይ ያድርሱት። ከዚያ ከውጭ በኩል የመስታወቱንና የበሩን ዙሪያ በሳሙና ውሃ ይቀቡ። አየር የሚያመልጥበት ቦታ አረፋ ይነፋል።

መስታወቱ ሆኖ ከተገኘስ? ያኔም መስታወቱ ካልተሰነጠቀ የሚቀየረው ማጣበቂያው ነው። መስታወቱ ይነሳል፣ የተቀመጠበት ላሜራ ዝገት ካለው እስከ ንጹሕ ብረቱ ይፋቃል፣ ፕራይመር ይቀባል፣ ከዚያ ለመኪና መስታወት በተሠራ፣ ዩሬታን በሚባል ማጣበቂያ ይጣበቃል። እስካሁን የተለቀለቀው ሲሊኮን በሙሉ መወገድ አለበት፤ ቅሪቱ ላይ ዩሬታን አይዝም። ሲቀባ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ከነበረ ደግሞ ራሱ ብረቱን ያዝገዋል። ለሁለተኛው ጋራዥ "ሲሊኮኑን አንስታችሁ ዩሬታን አድርጉልኝ" ብለው ቢሄዱ ይሻላል፤ ያ ግን ከላይ ያለውን ፍለጋ ከጨረሱ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የእኔ መኪና የሚረጥበው ከኋላ በግራ በኩል ነው። የበሩን ጎሚኒ በአዲስ ቀየርኩት፣ ምንም ለውጥ የለም። በሩን ስከፍት ደግሞ ውስጡ ውሃ የሚንቦጫረቅ ድምፅ ይሰማኛል። ምን ይሆን?

መልስ፦ መልሱን ራስህ ይዘኸዋል፣ የሚንቦጫረቀው ውሃ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ በር ውስጥ ዝናብ ይገባል። መስታወቱ በሚወርድበት ክፍተት ሾልኮ ይገባል፣ መስታወቱን ተከትሎ ይወርዳል፣ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ባሉ ቀዳዳዎች ይወጣል። ፋብሪካው ያሰበው እንደዚህ ነው። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ስለተደፈኑብህ ውሃው በር ውስጥ ተጠራቅሟል። ከሥር ተመልከትና በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ስንጥር ክፈታቸው። በካቻቢቴ አትጎርጉር፣ ቀለሙን ትፍቅና ዝገት ትጋብዛለህ።

ግን እዚያ አታቁም። የበሩን የውስጥ ፓኔል ስታወልቅ ላሜራው ላይ የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛለህ። ሥራው በር ውስጥ ያለው ውሃ ወደ አንተ እንዳይመጣ መከላከል ነው። ስፒከር ወይም የመስታወት ሞተር ለመጠገን አንድ ጊዜ የተከፈተ በር ላይ ይሄ ላስቲክ ብዙውን ጊዜ ተቀዶ ወይም ማጣበቂያው ደርቆ ተንጠልጥሎ ነው የሚገኘው፣ አንዳንዴም ጨርሶ የለም፣ የፈታው ሰው ጥሎታል። ጠንከር ያለ ላስቲክ በልኩ ቁረጥና ሳይደርቅ በሚቆይ ቡቲል ማጣበቂያ ዙሪያውን ለጥፈው። የታችኛውን ጠርዝ ወደ በሩ ውስጥ አስገባው፣ ወደ ውጭ እንዳታወጣው፤ አለዚያ ላስቲኩ ራሱ ውሃውን ወደ ምንጣፉ ይመራዋል።

አዲሱን ጎሚኒም እግረ መንገድህን ፈትሸው። ቁራጭ ወረቀት በሩ ላይ አድርገህ ዝጋና ሳብ። ያዝ ካደረገ ደህና ነው፤ እንደ ምንም ሾልኮ ከወጣ እዚያ ቦታ ላይ በሩ አይጫንም። ያረጀ በር ማጠፊያው ስለሚላላ ይወርዳል፣ ያኔ ሥራው የባቲላሜራ ነው፣ ጎሚኒ ብትቀያይር አይፈታውም።

ጥያቄ፦ ስኮርት ጎማው የሚቀመጥበት ጉድጓድ ሁልጊዜ ውሃ አለው። አንድ ጎረቤቴ "ከሥሩ በስተሽ አፍስሽው" አለኝ። ይሻላል?

መልስ፦ አይብሱት። የተበሳ ብረት ጠርዙ ይዝጋል። ከዚያም በላይ የጭስ ማውጫው መጨረሻ ከዚያ ሩቅ አይደለም፣ በተበሳው ቀዳዳ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ብዙ መኪኖች ጉድጓዱ ላይ የሚነቀል ጎሚኒ አላቸው፤ እሱን ነቅለው ያፍስሱና መልሰው ይድፈኑት። ምንጩን ለማግኘት ደግሞ የኋላ መብራቶቹን ጋስኬት ቀድመው ይዩ። ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከመብራቱ ሥር የሚወርደው ውሃ በጎን ተንሸራቶ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ የላሜራው መጋጠሚያ ላይ ያለው ማሸጊያ፣ የኋላ መስታወት፣ ከፍ ብሎ የሚገኘው ሦስተኛው የፍሬን መብራት፣ የአንቴናው እግር። መኪናው ከኋላ ተገጭቶ የሚያውቅ ከሆነ ከመጋጠሚያው ይጀምሩ። የኋላውን ወንበር አጥፈው ከውስጥ በእጅ ባትሪ እያዩ ሌላ ሰው ውሃ ቢያፈስ በቶሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ የጣሪያው ጨርቅ ሰንሩፉ (ጣሪያው ላይ የሚከፈተው መስታወት) አካባቢ ቡናማ እድፍ አወጣ። የሰንሩፉን ጎሚኒ ልለውጥ?

መልስ፦ የሰንሩፍ ጎሚኒ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አልተሠራም። አልፎ የገባውን ዙሪያው ያለው ቦይ ይቀበለዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ4ቱ ማዕዘኖች በሚነሱ ቀጫጭን ቱቦዎች በመኪናው ምሰሶዎች ውስጥ አልፎ መሬት ይወርዳል። ሰንሩፉን ከፍተህ ወይም ከፍተሽ በየማዕዘኑ ትንሽ ውሃ ማፍሰስና ከሥር መውጣቱን ማየት ነው። ካልወጣ ቀጭን፣ ለስላሳ የናይለን ክር ቀስ እያሉ ማስገባት። በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ግን አይመከርም፤ ቱቦው ከመጋጠሚያው ይወልቅና ውሃው በቀጥታ ጣሪያው ጨርቅ ላይ መፍሰስ ይጀምራል። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ከተገጠመም የብሎኖቹ ሥር ይታይ።

ጥያቄ፦ ማፍሰሱ ቆሟል፣ ሽታው ግን አልለቀቀም። ምንጣፉን ከላይ አደረቅሁት፣ ሽቶም አንጠለጠልኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሽቶውን ያንሱት፣ ሽታውን ሸፍኖ ያዘናጋዎታል። ውሃው ያለው ከምንጣፉ ሥር ባለው ወፍራም ስፖንጅ ውስጥ ነው። ከላይ እጅ ሲያሳርፉ ደረቅ ነው፤ በጉልበትዎ ጫን ሲሉት ግን ውሃ ያወጣል። እንዲህ ሆኖ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ሻጋታ ደግሞ በ1 ወይም በ2 ቀን ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ስለዚህ ወንበሮቹ ይውጡ፣ ምንጣፉ ይነሳ፣ ስፖንጁ ተጨምቆ ነፋስና ፀሐይ ያግኘው። ከሻገተ ስፖንጁን መቀየር ይሻላል፤ ታጥቦም ሽታውን የማይለቅበት ጊዜ ብዙ ነው።

ወንበሮቹን ሲያነሱ ይጠንቀቁ። ከሥራቸው ቢጫ ኮኔክተር ካዩ የኤርባግ ነው። ከመንካትዎ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። በአንዳንድ መኪኖች የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖችም ከወንበሩ ወይም ከምንጣፉ ሥር ነው ያሉት፤ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ኮኔክተር ካገኙ ለኤሌክትሪሺያን ያሳዩት። በር አልቆልፍ ሲል ወይም መብራት ያለ ምክንያት ሲበራ ብዙ ሰው ባትሪውን ነው የሚቀይረው፣ ችግሩ ግን እዚህ ተኝቶ ሊሆን ይችላል።

ወለሉ ላይ ዝገት ካለ አሁኑኑ ይፋቅና ይቀባ፣ እንደገና የሚታይበት ዕድል የለም። ምንጣፉን ግን ቶሎ አይመልሱ። ባዶው ላሜራ ላይ ጋዜጣ ያንጥፉና አንድ ኃይለኛ ዝናብ ይጠብቁ። ጋዜጣው በአንድ ጥግ እንኳ ከረጠበ ወደ መጀመሪያው መልስ ተመልሰው በቱቦ ይፈልጉ፤ ደረቅ ከሆነ ይግጠሙት።