ከልጆችና ከአማት ጋር ወደ ሱሉልታ የምግብ ፌስቲቫል ስለመሄድ

እህታችን፣ ሱሉልታ ሜዳ ላይ በሚዘጋጀው የምግብ ፌስቲቫል ሁለት ትንንሽ ልጆችዎንና አማትዎን ይዘው ቢሄዱ፣ ለመግቢያና ለምግብ የሚያወጡት ገንዘብ ያስቆጭ እንደሆነ ጠይቀዋል። እዚያው ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ በተዘጋጁ መሰል ዝግጅቶች ላይ ከቤተሰቤ ጋር ስለተገኘሁ ያየሁትን ልንገርዎ። የሚሄዱት ቤትዎ የማይሠራውን ምግብ ለመቅመስ ከሆነ አያስቆጭም፤ ጥብስና በያይነቱ ለመብላት ከሆነ ግን እውነቱን ለመናገር ሰፈርዎ ያለው ምግብ ቤት በዋጋም በመቀመጫም ይሻላል።

አብዛኛው ቤተሰብ በሩን አልፎ እንደገባ መጀመሪያ ባገኘው ድንኳን ጥብስ ያዝዛል፤ ከዚያ በኋላ ሌላውን ሁሉ የሚያየው በጠገበ ዓይን ነው። ስለዚህ ምንም ሳያዝዙ አንድ ጊዜ ሜዳውን ዞረው ይመልከቱ፤ ከዚያም አንድ አንድ ሳህን ብቻ እያዘዙ አራታችሁም ተካፈሉ። ከልጆች ጋር ከሆኑ ከትግራይ ምግቦች ጥህሎ ካለ እሱን ያስቀድሙ። የተቆላ የገብስ ዱቄት በውኃ ይለወስና በትንንሹ ይድቦለቦላል፤ ከዚያም ጫፉ መንታ በሆነ ቀጭን እንጨት እየተወጋ ቀዩ ወጥ ውስጥ ተነክሮ ይበላል። ልጆቼ ምግብ መሆኑን ረስተው እንደ ጨዋታ ነበር የያዙት። ወጡ ስለሚያቃጥል ግን ከጎኑ እርጎ ይያዙ፤ አካባቢው በወተት የታወቀ በመሆኑ እርጎና አይብ አይጠፋም።

ለአማትዎ ደግሞ ቆጮ የሚጋገርበትን ድንኳን እመርጥልዎታለሁ። የእንሰቱ ግንድ እንዴት እንደሚፋቅ፣ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት እንዴት እንደሚብላላ የምታስረዳ ባለሙያ ካገኙ ከምግቡ ይልቅ ወሬው ያቆያቸዋል፤ እናቴን ከዚያ ለማስነሳት ተቸግሬ ነበር። ጥርሳቸው የሚያስቸግራቸው ከሆነ የቡላ ገንፎ ለስላሳ ነው። የወለጋው አንጮቴም ተቀቅሎ፣ ተልጦ በቅቤ ሲቀርብ ለአረጋውያን የሚስማማ ሲሆን፣ አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ይጠቅማል እየተባለም ይሰጣል። ከገብስ ዱቄትና ከንጥር ቅቤ የሚታሸው ጭኮ ቶሎ ስለማይበላሽ ለቤት ገዝቶ ለመመለስ ይመቻል።

ቀኑን ሲመርጡ ጾምን ይመልከቱ። ዝግጅቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ቅዳሜና እሑድ ስለሚሆኑ ረቡዕና ዓርብ አያሳስቡም፤ ሆኖም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ ያለው የነቢያት ጾምና ዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድንም ይጨምራሉ። አማትዎ የሚጾሙ ከሆነ «የጾም» የሚል ጽሑፍ ማየት ብቻ አይበቃም፤ ሽሮው ቅቤ እንዳልገባበት፣ ጭልፋውም ከሥጋ ወጡ ጋር የጋራ እንዳልሆነ በትሕትና ይጠይቁ። አብሯችሁ የሚሄድ ሙስሊም ጎረቤት ወይም ዘመድ ካለም የሥጋውን ነገር ከማዘዝዎ በፊት አስቀድመው ያጣሩ፤ ሰው ማዕድ ላይ ከተቀመጠ በኋላ መጠየቅ እንግዳውንም ሻጩንም ያሳፍራል።

ክትፎ ካዘዙ የልጆቹ ለብለብ እንኳ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ይሁን፤ የኮሶ ትል የሚመጣው በደንብ ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነውና። ለመጠጥ ጠጅ ከሚሸጡት ዘንድ ብርዝ ቢገኝም፣ መፍላት ያልጀመረ መሆኑን ራስዎ ቀምሰው ለልጆቹ ይስጡ። የእጅ መታጠቢያው በር አካባቢ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ውኃና ሳሙና ይያዙ። አንዳንድ አዘጋጆች ገንዘብ በኩፖን ያስቀይራሉ፤ የተረፈውን መመለስ አለመመለሳቸውን ሳይጠይቁ ብዙ ኩፖን አይግዙ። በቴሌብር ለመክፈል ካሰቡም ሕዝብ ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ጥሬ ገንዘብ ቢይዙ ይሻላል።

ሱሉልታ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ በመሆኑ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ነፋሱ ይነሣና ብርዱ ይጠናል። ስለዚህ ለልጆቹ ኮፍያና ሹራብ፣ ለአማትዎ ጋቢ፣ ለመቀመጫም ሰሌን ይያዙ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከደረሱ ምግቡ ትኩስ፣ ሰልፉም አጭር ይሆንልዎታል። ሙዚቃው የሚደምቀው ወደ ማታ ቢሆንም ለእርስዎ ቤተሰብ እሱን መጠበቅ ይጠቅማል ብዬ አላምንም፤ ወደ አዲስ አበባ፣ አዲሱ ገበያ ሰፈር የሚመልሰው ታክሲ ሰልፍ የሚረዝመው ያን ጊዜ ነውና፣ የራስዎ መኪና ከሌለዎት 9 ሰዓት ሳይሞላ ቢነሱ ይሻላል።