የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ የቅርንጫፍ ራውተሮችን ሶፍትዌር በአንሲብል ማዘመን

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፤ የመሥሪያ ቤታችን ማዕከል ደብረ ብርሃን ሲሆን፣ ከደብረ ሲና እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከመሐል ሜዳ እስከ ዓለም ከተማ በተበተኑ ቅርንጫፎች ከመቶ ሃምሳ በላይ የሲስኮ ራውተሮች (ኔትወርኮችን የሚያገናኙ መሣሪያዎች) አሉን። የሶፍትዌር ማሻሻያ በወጣ ቁጥር አንድ በአንድ እየገባን ስለምንሠራ፣ የመጨረሻው ላይ ሳንደርስ ሌላ ማሻሻያ ይወጣል። ሥራውን በአንሲብል፣ ማለትም ብዙ መሣሪያዎችን ከአንድ ቦታ በሚያዝ ሶፍትዌር፣ ለማከናወን አስበናል፤ ሆኖም አንድ ስህተት ሁሉንም ቅርንጫፍ በአንድ ሌሊት ያጠፋብናል ብለን ሰግተናል። ከየት እንጀምር?
የኔትወርክ ባለሙያዎች፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ስጋታችሁ ተገቢ ነው። በእጅ ሲሠራ አንድ ስህተት አንድ ቅርንጫፍ ያቋርጣል፤ ያው ስህተት ስክሪፕት (ኮምፒውተር በራሱ የሚፈጽመው የትእዛዝ ዝርዝር) ውስጥ ከገባ ግን በደቂቃዎች ውስጥ ሁሉም ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ከማዘመኛ ትእዛዞቹ ይልቅ ብዙ ልትደክሙበት የሚገባው ስክሪፕቱ መቼ ራሱን እንደሚያቆም መወሰኑ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ፋይል ማድረሱንና ራውተሩን ዳግም ማስነሳቱን ለያዩዋቸው። የሶፍትዌሩ ፋይል 600 ሜጋባይት ቢሆን፣ በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ሌላ ሥራ ባይኖርበት እንኳ 40 ደቂቃ ይፈጃል። ፋይሉ የራውተሩ ማከማቻ (ፍላሽ) ላይ ተቀምጦ ቢሰነብት የራውተሩን አሠራር ስለማይለውጥ፣ ማድረሱን በተከታታይ ሌሊቶች ቀስ እያሉ መጨረስ ይቻላል። ለዚህ ቲኤፍቲፒ የተባለውን የፋይል ማስተላለፊያ አትጠቀሙ፤ በመደበኛው የ512 ባይት አከፋፈሉ 32 ሜጋባይት አካባቢ ሲደርስ የሚገታ፣ የይለፍ ቃልም የማይጠይቅ ያረጀ መንገድ ነው። ፋይሉን መስጥረው የሚያስተላልፉት ኤስሲፒ ወይም ኤችቲቲፒኤስ ይሻላሉ። ፋይሉ ከደረሰ በኋላ ራውተሩ ራሱ የኤስኤችኤ-512 ማረጋገጫውን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ) አስልቶ አምራቹ ካወጣው ጋር ይመሳከር፤ ካልገጠመ ያ ራውተር ለዚያ ሌሊት ከዝርዝሩ ይወጣል።

ዳግም ከመነሳቱ በፊት ስክሪፕቱ የራውተሩን ቨርዥን፣ የሚሠሩትን ኢንተርፌሶች (የመስመር መገናኛዎች)፣ በኦኤስፒኤፍና በቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ በሚነጋገሩባቸው ደንቦች) የተገናኟቸውን ጎረቤቶች ብዛት ይመዝግብ፤ የኮንፊገሬሽኑን (የቅንብሩን) ቅጂም ማዕከል ያስቀምጥ። ከተነሳ በኋላ ያንኑ ደግሞ መዝግቦ ያወዳድር። ፒንግ (መሣሪያው መኖሩን የሚጠይቅ አጭር መልእክት) መለሰ ብላችሁ ሥራው አለቀ አትበሉ። ኮንፊገሬሽኑ ላይ «ቡት ሲስተም» የሚሉ (የትኛው ሶፍትዌር እንደሚጫን የሚነግሩ) ሁለት መስመሮች ካሉና አሮጌው ከላይ ከሆነ፣ ራውተሩ በሰላም ተነስቶ፣ ፒንግም እየመለሰ፣ የጫነው ግን አሮጌውን ሶፍትዌር ሆኖ ይገኛል። በአይኦኤስ ኤክስኢ (የሲስኮ ራውተሮች ሶፍትዌር) የ«ኢንስቶል» አሠራር መመለሻው አብሮ ተሰርቷል፤ አዲሱ ሶፍትዌር እንዲነቃ ከታዘዘ በኋላ «ኮሚት» (አጽና) ካልተባለ፣ የጊዜ ገደቡ ካልተለወጠ በቀር በ120 ደቂቃ ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል። እንግዲህ «ኮሚት» የሚሰጠው ንጽጽሩ ሲገጥም ብቻ ነው። የማንቂያ ትእዛዙንና «ኮሚት»ን በአንድ መስመር አያይዘው የሚጽፉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው፤ መመለሻቸውን በገዛ እጃቸው እያፈረሱ መሆኑን ልብ ያሉት አይመስለኝም።

አንሲብል «ሲሪያል» በተባለው ቅንብር ራውተሮቹን በዙር ይከፍላል፤ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 5፣ ከዚያ 20 እያላችሁ መሄድ ትችላላችሁ። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም፤ በአንድ ዙር ካሉት ጥቂቶቹ ቢወድቁም የተረፉት ስላሉ ብቻ ወደሚቀጥለው ዙር ያልፋል። የሚፈቀደውን የውድቀት መቶኛ የሚወስነውን «ማክስ ፌይል ፐርሰንቴጅ»ን 0 ስታደርጉት አንድ እንኳ ሲወድቅ ይቆማል። ያ የመጀመሪያው 1 ከቢሮአችሁ በእግር የሚደረስበት ቅርንጫፍ ይሁን።

ሰዓቱን በተመለከተ እኩለ ሌሊት የተለመደ ቢሆንም፣ እንደ መሐል ሜዳና ዓለም ከተማ ላሉት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩልን እመርጣለሁ፤ አገልግሎቱ ተዘግቶ፣ መብራት መኖር አለመኖሩን በስልክ የሚነግራችሁና ገመድ የሚነካላችሁ ሰው ገና ከቢሮ አልወጣምና።

የማዕከሉን ራውተር ከስክሪፕቱ ዝርዝር አውጡት። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ ለሰዓታት ሲጠፋ፣ አንድ የጥገና ትእዛዝ ዋናውን ኔትወርክ ካቋረጠው በኋላ፣ ባለሙያዎቹ ከርቀት ገብተው የሚያርሙበት መንገድም አብሮ ተዘግቶባቸው ነበር። የእናንተም ስክሪፕት ወደ ቅርንጫፎቹ የሚጓዘው በማዕከሉ ራውተር በኩል ስለሆነ፣ እርሱ የሚታደሰው ሌሎቹ ሁሉ ካለቁ በኋላ፣ ባለሙያው አጠገቡ ተቀምጦ በኮንሶል ገመድ (ያለ ኔትወርክ ከራውተሩ ጋር በቀጥታ በሚያገናኝ ገመድ) ነው።