የጥናት ምንጮችን ተዓማኒነት ስለ መመዘን፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የኢትዮጵያን ሕዝብ ቁጥር ስፈልግ፣ ለ2022 እ.ኤ.አ. አንዱ ምንጭ ወደ 105 ሚሊዮን፣ ሌላው ከ120 ሚሊዮን በላይ ይላል። የትኛውን ልቀበል?

መልስ፦ በቅድሚያ ሁለቱም የቆጠራ ውጤቶች አለመሆናቸውን ይገንዘቡ። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ውጤቱ ወደ 73.8 ሚሊዮን ነበር፤ አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ በመራዘሙ፣ ከዚያ ወዲህ የምናነበው አገራዊ ድምር ሁሉ ትንበያ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የቀድሞው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ከዚሁ ቆጠራ ተነሥቶ ካዘጋጀው ትንበያ፣ ሁለተኛው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በራሱ ስሌት ካወጣው ግምት የተገኘ ነው። ልዩነቱ ከ15 ሚሊዮን በላይ ስለሆነ፣ ለምሳሌ አንድ ሐኪም ለስንት ሰው እንደሚደርስ የሚያሰላ ተማሪ የሚመርጠው አኃዝ ድምዳሜውን ሊለውጠው ይችላል። እንደ እኔ አስተያየት፣ ጥናትዎ በወረዳና በዞን ላይ ካተኮረ የአገር ውስጡ ይሻላል፤ ኢትዮጵያን ከሌሎች አገሮች ጋር የሚያነጻጽሩ ከሆነ ግን ለሁሉም አገሮች በአንድ ዘዴ የተሠራው የድርጅቱ ግምት ይመረጣል። የትኛውንም ቢመርጡ ትንበያው የማን እንደሆነና መቼ እንደወጣ ይግለጹ፤ «ተቆጠረ» ብለው ግን ፈጽሞ አይጻፉ።

ጥያቄ፦ አምስት ድረ ገጾች ተመሳሳይ አኃዝ ቢሰጡ ማረጋገጫ አይሆንም?

መልስ፦ አምስቱም ከአንድ ሰነድ ቀድተው ከሆነ ምስክሩ አንድ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ገጽ አኃዙን ከየት እንዳመጣ ተከታትለው ዋናውን ሰነድ ራሱን ይክፈቱ፤ ምንጩን የማይናገረውን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ያው ቆጠራ በእንግሊዝኛ ጽሑፎች የ2007 ተብሎ ይጠቀሳል። ስሕተት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። በጽሑፍዎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትን አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ በባለሙያዎች ተገምግሞ በታወቀ ጆርናል የታተመ ጽሑፍስ ያለ ሥጋት ይጠቀሳል?

መልስ፦ ግምገማ ትልቅ ወንፊት ቢሆንም ሁሉን አያስቀርም። ዘ ላንሴት የተባለው ስመ ጥር የሕክምና ጆርናል በ1998 እ.ኤ.አ. የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባትን ከኦቲዝም ጋር የሚያያይዝ፣ በ12 ሕፃናት ላይ ብቻ የተመሠረተ ጽሑፍ አትሞ ነበር። ጽሑፉን ሙሉ በሙሉ የሰረዘው በ2010 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በመካከሉ ብዙ ወላጆች ልጆቻቸውን ከማስከተብ ተቆጥበዋል። የተሰረዘ ጽሑፍ ቀድሞ በወረደ ቅጂና በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ መሰራጨቱን ስለማያቆም፣ ከመጥቀስዎ በፊት የጆርናሉን የራሱን ገጽ ከፍተው የመሰረዝ ወይም የማረሚያ ማስታወቂያ አለመኖሩን ያረጋግጡ።