አንድ ዓይነት ልምምድ ሠርተን ለምን እኔ ብቻ እጎዳለሁ?

ውድ ጠያቂያችን፣ ከጓደኛዎ ጋር ለሁለት ዓመት አንድ ዓይነት የልምምድ መርሐ ግብር ተከትለው እርሱ የግማሽ ማራቶን ሰዓቱን በ19 ደቂቃ ሲያሻሽል እርስዎ ግን በ4 ደቂቃ ብቻ እንዳሻሻሉ፣ በዚያ ላይ ሁለት ጊዜ የቅልጥም አጥንት ሕመም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የተረከዝ ጅማት ጉዳት እንደደረሰብዎ ገልጸው፣ ምክንያቱ ከወላጆችዎ የወረሱት ነገር እንደሆነና ለ13 ዓመት ልጅዎም የዘረ-መል ምርመራ ማስደረግ ይበጅ እንደሆነ ጠይቀዋል። አማተር ሯጮችን ማሠልጠን ከጀመርሁ 16 ዓመት ሆኖኛል፤ ጥያቄዎ በእነዚህ ዓመታት ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበኝ ጉዳይ ስለሆነ በዝርዝር ልመልስ። ውርስ ድርሻ አለው፣ ድርሻውም ትንሽ አይደለም። ነገር ግን ውርስ በይበልጥ የሚታየው አካል ለልምምድ በሚሰጠው ምላሽና ጫናን በሚለምድበት ፍጥነት ላይ እንጂ፣ «ይህ ሰው ሯጭ ነው፣ ያ ሰው አይደለም» ብሎ በመፍረድ ላይ አይደለም።

ስለ ምላሽ ከተነሣ «ሄሪቴጅ» የተባለውን የቤተሰብ ጥናት ማንሣት ግድ ነው። ጥናቱ አዘውትረው ስፖርት የማይሠሩ ወላጆችንና ልጆቻቸውን ለ20 ሳምንታት በብስክሌት መሣሪያ ላይ፣ ለሁሉም በተመጠነ ልምምድ አሠርቷል። የተሳታፊዎቹ ከፍተኛ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በአማካይ በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር ገደማ ጨመረ፤ ከአማካዩ በስተጀርባ ግን ምንም ያህል ያልጨመረም፣ ከ1 ሊትር በላይ የጨመረም ነበር። ልዩነቱ በአንድ ቤተሰብ አባላት መካከል ካለው ይልቅ በቤተሰብና በቤተሰብ መካከል በብዙ የሰፋ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ እስከ 47 በመቶ የሚደርሰውን በቤተሰብ ከሚተላለፍ ነገር ጋር አያይዘውታል። አንድ ሰው ልምምድ ሲጀምር የነበረው አቅም በኋላ ምን ያህል እንደሚሻሻል አለማመልከቱም ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነበር፤ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ወር ስለማንም ሯጭ ፍርድ የማልሰጠው።

ይህን ነገር በሜዳ ላይ ያየሁት ጥናቱን ከማንበቤ በፊት ነው። ሁለት እኅትማማቾች በአንድ ቡድን ውስጥ አሠለጥን ነበር፤ ሌሎቹ በ3 ወር ውስጥ ሰዓታቸውን ሲያሻሽሉ ሁለቱ ከነበሩበት ንቅንቅ አላሉም። እኔም ፍጥነት ጎድሏቸዋል ብዬ ከባድ ልምምድ ጨመርሁባቸው፤ ይኸውም ከድካም በቀር ያተረፈላቸው ነገር አልነበረም። በኋላ ከባዱን ልምምድ በሳምንት ወደ አንድ ቀን አውርጄ፣ እያወሩ ሊሮጡት የሚችሉትን ቀላል ሩጫ በሳምንት ከ3 ቀን ወደ 5 ቀን ከፍ ሳደርግላቸው፣ በሁለት ወር ውስጥ ለውጡ ታየ። በ2017 የታተመ አንድ ጥናትም ለዚህ የሚቀርብ ነገር አሳይቷል፦ በሳምንት አንድ ሰዓት ብቻ ከሠሩት ብዙዎቹ ምንም መሻሻል ሳያሳዩ ሲቀሩ፣ 4 ወይም 5 ሰዓት ከሠሩት መካከል ግን ያልተሻሻለ አልነበረም፤ ያልተሻሻሉትም የልምምዱ መጠን ሲጨመርላቸው ተሻሽለዋል። ስለዚህ እርስዎ «ምላሽ የማይሰጥ አካል» አለዎት ማለት አይቻልም። ለጓደኛዎ የበቃው መጠንና ዓይነት ለእርስዎ ላይበቃ ይችላል፤ አለዚያም ለእርሱ የሚመጥነው ጫና ለእርስዎ አጥንትና ጅማት ፈጥኖ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አንድ ነጠላ ዘረ-መል ዕጣን እንደሚወስን አድርጎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። በምርመራ ድርጅቶች ዘንድ ስሙ ገኖ የሚነገረው «ኤሲቲኤን 3» የተባለው ሲሆን፣ በፈጣኖቹ የጡንቻ ክሮች ውስጥ የሚገኝ አንድ ፕሮቲን የሚሠራበትን መመሪያ ይዟል። ከዓለም ሕዝብ 18 በመቶ ገደማ ይህ ፕሮቲን ጨርሶ የለውም፤ በታላላቅ የአጭር ርቀት ሯጮች መካከል ግን ፕሮቲኑ የሌላቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። እውነት ነው፤ ሆኖም ፕሮቲኑ ያላቸው በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች የአጭር ርቀት ጀግኖች አይደሉም፣ ፕሮቲኑ ሳይኖረውም በኦሎምፒክ ርዝመት ዝላይ የተወዳደረ አትሌት አለ። ከዚህ የበረታ ማስረጃ የሚሆነው ፊንላንዳዊው የበረዶ ሸርተቴ ተወዳዳሪ ኤሮ ማንቲራንታ ነው። ይህ ሰው 7 የኦሎምፒክ ሜዳሊያዎችን ያገኘ ሲሆን፣ ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲያመርት የሚያዘውን ሆርሞን በሚቀበለው ዘረ-መል ላይ ባለ ለውጥ የተነሣ ደሙ ከተራው ሰው እጅግ የበዛ ሄሞግሎቢን ነበረው። ለውጡ በብዙ ዘመዶቹ ላይም ተገኝቷል፤ አብዛኞቹ ግን ሜዳሊያ አላገኙም።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ፤ ጥያቄዎን ሳነብ ይበልጥ የተሰማኝ ይህ ነውና። አባቴ በወጣትነቱ በተረከዝ ጅማቱ ታምሞ ነበር፣ ታላቅ እኅቴም እንዲሁ፤ እኔም በ29 ዓመቴ በዚያው ስፍራ ታምሜ ለ7 ወር ያህል መሮጥ አልቻልሁም። ጅማት በአብዛኛው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው፤ የኮላጅንን አሠራር የሚመሩ አንዳንድ ዘረ-መሎች ከተረከዝ ጅማት ሕመም ጋር ዝምድና እንዳላቸው የሚያመለክቱ ጥናቶች አሉ፣ ውጤታቸው ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ የዚህ ጅማት ውስጠኛ ክፍል የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 17 ዓመታት ገደማ እንደሆነና ከዚያ በኋላ እምብዛም እንደማይታደስ አሳይቷል። ሳንባና ልብ በሳምንታት ውስጥ ሲበረቱ ጅማት በወራት የሚቆጠር ጊዜ ይፈልጋል፤ አብዛኛው ሯጭ የሚጎዳውም ትንፋሹ ቀድሞ ሲጠነክርና ጅማቱ ወደ ኋላ ሲቀር ነው። እኔ ይህን ከተረዳሁ ጀምሮ የሩጫውን ርቀት የምጨምረው በየ3 ሳምንቱ ብቻ ሲሆን፣ በሳምንት ሁለት ጊዜ ክብደት ይዤ ተረከዜን ቀስ እያልሁ ከፍና ዝቅ አደርጋለሁ፤ 11 ዓመት ሆኖኛል፣ ሕመሙ አልተመለሰም። የወረስሁት ጅማት ያው ነው፤ የጫንሁበት መንገድ ግን ሌላ ሆነ።

በዚህ አጋጣሚ ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ የሚነበብ ቁጥር ላስተካክል። በስዊድን መንትዮች ላይ ተሠርቶ በ2020 የታተመ ጥናት የጉልበት የፊት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ የውርስ ድርሻ 69 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገልጿል። ይህ ማለት በአንድ ሰው ላይ ከደረሰው ጉዳት 69 በመቶው ከዘረ-መሉ መጣ ማለት አይደለም። የሚናገረው በተጠናው ሕዝብ ውስጥ አንዱ ተጎድቶ ሌላው ሳይጎዳ የመቅረቱ ልዩነት ምን ያህሉ ከውርስ ልዩነት ጋር እንደሚሄድ ብቻ ነው፤ ሕዝቡና አኗኗሩ ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል።

የቅልጥም አጥንትዎን በተመለከተ፣ የአጥንት ጥንካሬም በብዙ ይወረሳል፤ ሆኖም ሁለት ጊዜ የተደጋገመ ሕመም ሲያጋጥም ከውርስ በፊት የሚመረመሩ ነገሮች አሉ። ከሩጫው ጋር የማይመጣጠን ምግብ መብላት፣ እንቅልፍ ማነስና ርቀትን በድንገት ማብዛት ጠንካራውን አጥንት እንኳ ያሰነጥቃሉ። ሕመሙ በጣት ሊጠቆም በሚችል አንድ ነጥብ ላይ ከሆነና ሌሊት የሚቀሰቅስዎ ከሆነ ሩጫውን አቁመው በቶሎ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

ስለ ልጅዎ ምርመራ አሳቤን ሳልሸሽግ እናገራለሁ፤ አያስደርጉላት። በ2015 የዘርፉ ባለሙያዎች ስብስብ ባወጣው የጋራ መግለጫ፣ ለሕዝብ በቀጥታ የሚሸጡት የዘረ-መል ምርመራዎች ተሰጥኦን ለመለየትም ሆነ ለአንድ ሰው የተለየ ልምምድ ለማዘዝ ሊያገለግሉ እንደማይገባ ገልጿል። እኔም አንድ ጊዜ አንድ አባት ልጃቸው «ለፍጥነት አልተፈጠረችም» የሚል ወረቀት ይዘው መጥተው፣ ደስ እያላት ትሮጠው ከነበረው 200 ሜትር ሲያስወጧት አይቻለሁ፤ ልጅቷ በጥቂት ወራት ውስጥ ሩጫን እርግፍ አድርጋ ተወች። ያን ቀን አጥብቄ አለመከራከሬ እስካሁን ይቆጨኛል። የቅርብ ቤተሰብ የጉዳት ታሪክ ከወረቀቱ ይልቅ ይጠቅማል፤ ከወላጆችዎና ከእኅት ወንድሞችዎ ማን፣ በስንት ዓመቱ፣ የትኛው የሰውነቱ ክፍል ላይ እንደታመመ ጠይቀው ይጻፉ።

ይህን ሲያደርጉ ከሦስቱ ጉዳቶች በፊት ባሉት 6 ሳምንታት በየሳምንቱ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሮጡና ከዚያ ውስጥ ስንቱ በፍጥነት የተሮጠ እንደነበር መዝገብዎን አይተው እዚሁ ቢጽፉልኝ፣ ጫናው በየትኛው ሳምንት ከአካልዎ እንደቀደመ አብረን ለማየት እንሞክራለን።