ስለ ኤኤምዲዋ ሊሳ ሱ ለጠየቃችሁኝ

የቺፕ ኢንዱስትሪውን ለዓመታት በቅርብ ተከታትያለሁ፤ ከመሪዎቹ መካከል የኮምፒውተር ቺፕ ሠሪው ኩባንያ የኤኤምዲ ዋና ሥራ አስፈጻሚ እንደሆነችው እንደ ሊሳ ሱ የማደንቀው ሰው የለም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አንብቡልኝ።

ጥያቄ፦ ትውልዷ የት ነው?

መልስ፦ በ1969 ታይዋን፣ ታይናን ከተማ ተወለደች። በሕፃንነቷ ከቤተሰቧ ጋር አሜሪካ ገብታ ኒውዮርክ ውስጥ አደገች። ሦስቱንም ዲግሪ ከአሜሪካው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ከኤምአይቲ ነው ያገኘችው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ከልቧ መሐንዲስ ናት ወይስ አስተዳዳሪ ብቻ?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅከኝ ደስ ብሎኛል። በ1990ዎቹ በኮምፒውተር ኩባንያው አይቢኤም ውስጥ ስትሠራ የቺፕ ሽቦ አልሙኒየም ነበር። መዳብ ከሱ የተሻለ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ችግሩ ግን የመዳብ አቶሞች ቺፑ ወደሚሠራበት ሲሊከን ዘልቀው ገብተው ትራንዚስተሩን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋውን ደቃቅ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ያበላሹታል። መዳቡ ሲሊከኑን እንዳይበክል መላ ከፈለጉት ሰዎች አንዷ እሷ ነበረች። በ1998 አይቢኤም የመዳብ ቺፖቹን ለገበያ አቀረበ፤ ፍጥነታቸው ከቀድሞዎቹ እስከ 20 በመቶ ይበልጥ ነበር። ዛሬም መዳብ የቺፕ ዋና ሽቦ ነው።

ጥያቄ፦ ኤኤምዲን ስትረከብ ያን ያህል ወድቆ ነበር?

መልስ፦ በጣም። በጥቅምት 2014 ሥልጣኑን ስትይዝ አክሲዮኑ 3 ዶላር አካባቢ ነበር፤ በዓመቱ ጭራሽ ከ2 ዶላር በታች ወረደ። ሠራተኛ ተቀንሷል። ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን የጌም ማጫወቻዎች የሚሸጡት ቺፖች ባይኖሩ ኖሮ ኩባንያው ትንፋሽ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ታዲያ በምን አዳነችው?

መልስ፦ በመታገሥ። ዜን የተባለው አዲስ የቺፕ ንድፍ ሥራው እሷ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ከመሆኗ በፊት ተጀምሯል፤ እንደ ጂም ኬለር ያሉ መሐንዲሶች ደክመውበታል፣ ምስጋናውን ለእሷ ብቻ መስጠት ግፍ ነው። የእሷ ድርሻ ገንዘብ ባጠረበት ሰዓት ለዜን የሚያስፈልገውን አለመንፈግና ሌላ ገበያ አለማሳደድ ነበር። ዕቅዱ ቺፑ በእያንዳንዱ የሰዓት ምት፣ ማለትም ሥራውን በሚመራው የውስጥ ምት፣ የሚሠራውን ሥራ በ40 በመቶ ማሳደግ ነበር፤ ውጤቱ 52 ሆነ። በመጋቢት 2017 በዜን የተሠራው ቺፕ ራይዘን ሲወጣ ተቀናቃኙ ቺፕ ሠሪ ኢንቴል ከዓመታት በኋላ እውነተኛ ተፎካካሪ አገኘ። አንድ ንድፍ ተሠርቶ ገበያ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ የባለአክሲዮን ጩኸት ችሎ መቆየት ቀላል እንዳይመስላችሁ።

ጥያቄ፦ ከሌላው ቺፕ ኩባንያ ከኤንቪዲያ መሪ ከጄንሰን ሁዋንግ ጋር ይዛመዳሉ?

መልስ፦ አዎ። እናቷና ሁዋንግ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ቺፕ ገበያ ግን እሱ ገና ርቆ ይመራታል።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ትምህርቱ ከብዶኛል። እሷ እንዴት መረጠችው?

መልስ፦ እህቴ፣ የመረጠችው ከሁሉም ከባዱ ስለመሰላት ነው። ኤምአይቲ ሳለችም ለዶክትሬት ተማሪዎች ምርምር የሚሆኑ የሙከራ የሲሊከን ዝርግ ሳህኖች ታዘጋጅ ነበር፤ የቺፕ ፍቅሯ የጀመረው እዚያ ነው። በ2021 የመሐንዲሶች ማኅበር የሆነውን የአይትሪፕልኢን የሮበርት ኖይስ ሜዳልያ ስትቀበል ለሽልማቱ የበቃች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች።