ከጠባሴ እስከ ዝዋይ፦ ወይንና ምሳ ፍለጋ ለሚወጡ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው። የባለቤቴ ወንድም አሜሪካ ናፓ የሚባል ቦታ ሄዶ፣ ጠዋት ወይን እርሻ ሲጎበኝ፣ ቀን ዛፍ ስር ምሳ ሲበላ፣ ማታ ደሞ ሻማ ተበርቶ እራት ምናምን፣ ፎቶ እየላከ አቃጠለን። እኛ ስራ ስራ ስንል ለራሳችን ብለን ወጥተን አናውቅም፣ ዘንድሮ ልጆቹን እናቴ ጋ ትተን ሶስት አራት ቀን እንደዚ ማድረግ አምሮናል፣ ሀገር ውስጥ ይቻላል ወይ? ባለቤቴ ከአንድ ብርጭቆ በላይ አትጠጣም፣ ጾምም አታፈርስም፣ እኔ ደሞ እውነቱን ለመናገር ወይን በኮካ ካልሆነ አይወርድልኝም። መኪና አለችን፣ አሮጌ ቪትዝ።

መልስ፦ ወንድማችን፣ ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ ናፓን እርሱት። ናፓ ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሚሆን ሸለቆ ውስጥ በመቶ የሚቆጠሩ ወይን ጠማቂዎች ጎን ለጎን ያሉበት ቦታ ነው፣ ሰው ካንዱ ወጥቶ አንዱ ጋ ይገባል። እኛ ጋ ለእንደዚህ አይነት እረፍት የሚሆነው ዝዋይ፣ ማለትም ባቱ፣ ያለው፣ ካስቴል የሚባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የተከለው የወይን እርሻ ነው፣ እሱን ደሞ በግማሽ ቀን አይታችሁ ትጨርሳላችሁ። ስለዚህ ጉዞውን የመብላት ጉዞ አድርጋችሁ አስቡት፣ ወይን እርሻው አንድ ጠዋት ይበቃዋል፣ ሌላው ጊዜ የሐይቁና የማዕዱ ነው።

እርሻው ራሱ መታየት ያለበት ነው። ፈረንሳዮቹ ቦታውን የመረጡት አፈሩ አሸዋማ ስለሆነና ክረምቱ አጭር ስለሆነ ነው፣ ከቦርዶ ችግኝ አምጥተው ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ የሚባሉ የወይን ዝርያዎች ተከሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች በ2014 እ.ኤ.አ. ገበያ ወጡ፣ አሁን ሪፍት ቫሊና አካሺያ እያልን የምንጠጣቸው ማለት ነው። አውሮፓ ውስጥ የወይን ተክል በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል፣ እኛ ጋ እንደዛ የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ መቼ እንደሚያርፍና መቼ እንደሚያፈራ የሚወስነው በመቀስ የሚገርዘው ሰው ነው፣ ይሄን ሲያስጎበኟችሁ ጠይቋቸው። ዙሪያውን ደሞ ቦይ ተቆፍሯል፣ ጉማሬና ጅብ ዘንዶም ጭምር እንዳይገባ፣ ናፓ ይሄ የለውም! ብቻ ቀድማችሁ ደውላችሁ ቀጠሮ ሳትይዙ በሩ ላይ እንዳትቆሙ፣ ቦታው የስራ ቦታ ነው፣ ጥበቃው ደሞ ከደብረ ብርሃን መምጣታችሁ አያሳዝነውም።

ቀን ስትመርጡ ካሌንደሩን የባለቤትህ ጾም ይምረጠው። የነቢያት ጾም ህዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል፣ ከዛ ጾመ ነነዌ እስኪገባ ያለው ጊዜ፣ ጥር ማለት ነው፣ ለእናንተ የተሰራ ነው፣ ዝናብ የለም፣ መንገዱ ደረቅ ነው፣ የሰርግ ጥሪ ካልበዛባችሁ በቀር። ከእሁድ እስከ ማክሰኞ ብታደርጉት ደሞ ረቡዕና አርብ አይነካችሁም፣ ሆቴሉም ከቅዳሜ ይልቅ ጸጥ ይላል። አሳ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ውስጥ እኛ አንገባም፣ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

ዝዋይ ሄዶ አሳ ሳይበሉ መምጣት ነውር ነው። ቆሮሶ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ ጨውና ሎሚ ገብቶበት ሲመጣ፣ ዳር ዳሩ ኩርምሽምሽ ሲል፣ ነጩን ወይን፣ ሻርዶኔውን፣ በደንብ አቀዝቅዙልን በሉ፣ ያኔ ኮካውን ራስህ ትረሳዋለህ። ቀዩ ኮምጠጥ የሚልህና አፍህን የሚሰበስበው ባዶውን ስለምትጠጣው ነው፣ ያ የሚሰበስብ ነገር ስብ ሲያገኝ ይለዝባል፣ ስለዚህ ከጥብስ ጋር ጠጣው። ሚጥሚጣና በርበሬ ግን ደረቅ ቀይ ወይን ሲነካቸው የበለጠ ያቃጥላሉ፣ ለዶሮ ወጥ ጣፋጭ ነገር ያለው ይሻላል፣ አክሱሚት ለዚህ መጥፎ አይደለም፣ ሰው ቢስቅም። ደሞ ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ነው የሚጥመው፣ የጠባሴ ሳሎን በህዳር ከዛም ይቀዘቅዛል፣ ዝዋይ ግን ሙቀት ነው፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡልን ብትሉ ማንም አይቆጣችሁም።

መንገዱ አዲስ አበባ ድረስ 130፣ ከዛ ወደ 160 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከሞጆ ባቱ ያለው የፍጥነት መንገድ ለቪትዟ ይመቻታል። በአንድ ቀን ሄዳችሁ እርሻውንም ልታዩ እንዳታስቡ፣ ደክሞህ የቀመስከው ወይን ሁሉ አንድ አይነት ነው። የመጀመሪያው ቀን ሐይቅ ዳር ተቀመጡ፣ አባ ኮዳና ጉማሬ እዩ፣ በነጋታው ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ በጀልባ ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት መሄድ ይቻላል፣ ደብረ ጽዮን ማርያም ያለችበት ነው፣ የዛይ ህዝብም እዛ አለ። ውሃው ውስጥ ግን አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ። የምትቀምሱበት ቀን ሹፌር ባለቤትህ ትሁን፣ ወይም በቃ መኪናዋን ሆቴል ትታችሁ ባጃጅ ያዙ።

ዝዋይ ራቀብን ካላችሁ ከቤታችሁ 40 ኪሎ ሜትር ላይ አንኮበር አለላችሁ፣ የምኒልክ ቤተመንግሥት በነበረበት ጉብታ ላይ ሎጅ ተሰርቷል፣ በረንዳው ላይ ሆናችሁ የአፋርን ቆላ ቁልቁል እያያችሁ ጠጅ በብርሌ። የመንዝ በግ ጥብስ ከቅመም ቅቤ ጋር እዘዙ። ሳትነሱ ግን የመንገዱን ሰላም ከዛው አካባቢ ሰው ጠይቁ፣ በኛ በኩል ይሄ መቼም የሚዘለል አይደለም። ጠጁ ላይ ምላስ የሚያጣብቅ ጣፋጭነት ካለውና በማግስቱ ራስ ካስያዛችሁ በማር ፋንታ ስኳር ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ከሸዋ ሮቢት ነኝ። ለሰርጌ የተሰጡኝ ሁለት ቀይ ወይኖች ቡፌ ላይ ቆመው አራት ዓመት ሆናቸው፣ ባለቤቴ ወይን ሲቆይ ይጣፍጣል እያለ አያስከፍተኝም። እውነት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ ሲቆይ የሚሻሻለው ጥቂቱ ነው፣ ብዙው ወይን በወጣ በሁለት ሶስት ዓመት ውስጥ እንዲጠጣ የተሰራ ነው፣ እሱም ጨለማና 13 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ቦታ ከተቀመጠ። የሸዋ ሮቢት ቡፌ ደሞ ምድጃ በሉት፣ በዛ ላይ ጠርሙሱ ሲቆም ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል፣ ለዛ ነው አስተኝተው የሚያስቀምጡት። ዛሬውኑ ክፈቺው፣ ቡሹ ወደላይ ገፍቶ ከሆነ ወይም የተቀቀለ ዘቢብ ከሸተተሽ ሙቀት አግኝቶታል፣ አቼቶ አቼቶ ካለ ደሞ ለሰላጣ ይሆናል። ደህና ሆኖ ከተገኘ ለባልሽ ቅጂለት፣ ሁለተኛውን ግን ሌላ አራት ዓመት ጠብቂው ቢልሽ እሺ እንዳትይ።