«ምንም አዲስ ነገር የለም» ላለችኝ ተማሪ

በቅርቡ አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባላትን እንዳነጋግር ተጋብዤ ነበር። ስለ ዜና ሥራ ያዘጋጀሁትን ተናግሬ ስጨርስ አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ፣ «ጋሼ፣ እኛ ትምህርት ቤት ምንም አዲስ ነገር የለም፤ ታዲያ በየሳምንቱ ምን ዜና እናቅርብ?» አለችኝ። በዕለቱ የሰጠኋት መልስ ለራሴም ስላልጣመኝ፣ ይህን ለእርሷና ለመሰሎቿ እጽፋለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ደሴ ውስጥ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል በዚያን ጊዜ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባሉ ነበር፤ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ተቀላቅለው ከቆዩ በኋላ አሁን እንደገና ለብቻቸው ቆመዋል። እንደ እናንተ በእረፍት ሰዓት ግቢውን የሚያናጋ ሞንታርቦ አልነበረንም። የነበረን የግድግዳ ጋዜጣ ነው፤ ሐሙስ በእጃችን ጽፈን ለኃላፊው መምህር እናሳያለን፣ እርሳቸው ካረሙት በኋላ ዓርብ ጠዋት ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በፊት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንለጥፋለን። የዚያ ዓመት የመጀመሪያዎቹ እትሞች ከአሥረኛው የአብዮት በዓል ሰልፍና መፈክር ሌላ ነገር አልነበረባቸውም።

በክፍላችን ከወረባቦና ከአምባሰል ገጠር የመጡ፣ ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ከቤታቸው ይመጣላቸዋል። ያን ዓመት ስንቁ በመጀመሪያ አነሰ፣ ቀጥሎም ጭራሽ ቀረ። ጥቅምት ሳያልቅ የኋለኛው ወንበር ባዶ ሆነ። ስም ጠሪው መምህር ስማቸውን ይጠራሉ፣ እኛ ዝም እንላለን፣ እርሳቸውም የቀሪ ምልክት ያደርጋሉ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ስማቸውን መጥራቱንም ተዉት። ከፊሎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ወለጋና ወደ ኢሉባቦር ለሰፈራ መሄዳቸውን ቆይተን ሰማን፤ የሌሎቹን መጨረሻ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጋዜጣችንን የምንለጥፈው በስንዴ ዱቄት ማጣበቂያ ነበር። እንደ ልማዴ እናቴን ዱቄት ብጠይቃት ለጥቂት ጊዜ ፊቴን አይታ፣ «ሚስማር ፈልግ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

በዚያ ሳምንት ያቀረብሁት ዜና አራት መስመር ቢሆን ነው፤ ስንቅ ስላልመጣላቸው ትምህርት ያቋረጡትን የክፍላችንን ልጆች ስም ከነአባታቸው ዘርዝሬ ነበር። መምህሩ አንብበው ወደ በሩ ተመለከቱና በቀይ እስክሪብቶ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር አሰመሩበት። «በቦታው የኳሱን ውጤት አስገባ» አሉኝ፤ አስገባሁ። ለብዙ ዓመታት በልቤ ስወቅሳቸው ኖሬያለሁ። ዛሬ በዕድሜ ካለፍኋቸው በኋላ ግን፣ ስለ ረኃብ የሚናገር ወረቀት በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ በእርሳቸውም በእኔም ላይ ሊመጣ የሚችለውን አውቃለሁና አልፈርድባቸውም። የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ያ ወረቀት የት እንደ ደረሰ አላውቅም። ከእነዚያ ልጆች መካከል አሁን የማስታውሰው የሁለቱን ስም ብቻ ነው፣ የአባቶቻቸው ስም ጠፍቶብኛል፤ የኳሱ ውጤት ግን ሦስት ለአንድ እንደ ነበር አልረሳሁም። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ስለዚያ ድርቅ ብዙ ጽሑፍ አንብቤያለሁ፤ ስለ እነዚያ ልጆች ግን የተጻፈ አንድም መስመር አላገኘሁም።

እንግዲህ ልጄ፣ ምንም የለም ያልሽው ለዚህ ነው ያልተዋጠልኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ የቧንቧው ውኃ ከተቋረጠና የትኛው ክፍል መጸዳጃ ቤቱን ማጽዳት እንዳቃተው ካወቃችሁ ያ ዜና ነው። የሒሳብ መጽሐፍ ለስንት ተማሪ አንድ እንደ ደረሰ፣ ለስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የማጠናከሪያ ትምህርት በየትኛው ቀን እንደሚሰጥ፣ መልቀቂያ ወስዶ የሄደው ልጅ ወዴት እንደ ሄደም እንዲሁ። ዜናው እንዴት እንደሚጀመር መምህሮቻችሁ ያስተምሯችኋልና እኔ አልደግመውም። የዛሬ ልጆች ግን፣ አትቀየሙኝና፣ ፎቶ ታበዛላችሁ። የብዙ ትምህርት ቤቶችን የቴሌግራም ገጽ አያለሁ፤ እንግዳ ሲመጣ የፎቶ ጎርፍ ይለቀቃል፣ ከሥሩ ማን መጣ፣ መቼ፣ ለምን የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግን አይገኝም። «ይህን ያውቁ ኖሯል» እየተባለ ከኢንተርኔት ተቀድቶ የሚነበበው የሩቅ አገር ወሬም የክበቡን ደቂቃ ከመብላት በቀር ለግቢያችሁ የሚጨምረው ነገር የለም።

ስም ጻፉ እያልሁ ነው፤ ያንኑ አፌን መልሼ ደግሞ ሁሉን ስም በማይክ አታንብቡ እላለሁ። ምሳ ሳይቋጥር የሚመጣ ልጅ፣ ጓደኞቹ ሁሉ በሚሰሙበት ድምፅ ማጉያ ስሙ ሊጠራ አይገባም፤ ዜናውን ራሱ እሺ ካላለ ተዉት። የእኔም አራት መስመር ያን ጊዜ ተለጥፎ ቢሆን ልጆቹ ያፍሩበት ነበር ይሆናል። እንዴት እንደማስታርቀው አላውቅም። ስለዚህ ሁለት ነገር ያዙ፦ አንዱ በማይክ የሚነበበው ወረቀት፣ ሌላው የክበቡ ደብተር። በደብተሩ ላይ ቀኑን፣ ስሙን፣ ቁጥሩን፣ ተሰርዞ የቀረውንም ዜና ጭምር መዝግቡ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ደብተሩን ለቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ አስፈርማችሁ አስረክቡ፤ ስልክ ላይ ብቻ የተቀመጠውን አልተማመንበትም፣ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃልም።